ዝምታ ሌላ፣ ዝግታ ሌላ

በቅርቡ ደሴ ላይ አንድ ፊልም ታየ። ተመልካቹ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ደበረው፣ ግማሹ እስካሁን ያወራዋል። ከደበራቸው አንዱ ቁጭ ብለው ጻፉት። ጽሑፉ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ እኔም ጋ ደረሰ። እኔ ካልደበረኝ ወገን ነኝ፤ ስለዚህ ማለፍ አቃተኝ። ዝም ስላለ ፊልም ለመሟገት ይህን ያህል መለፍለፍ እንደሚያስቅ አውቃለሁ።

ጸሐፊው የከተማችን ሰው ናቸው፣ በዕድሜም ይበልጡኛል። አንቱ እያልኩ ነው የምከራከራቸው። ስማቸውን አላነሳም። ጽሑፋቸውን ያነበበ ያውቃቸዋል፤ ላላነበበው ደግሞ ያሉትን በየቦታው እጠቅሳለሁ።

መጀመሪያ ፊልሙ። «ቀይዋ ኤሊ» ይባላል። ሚካኤል ዱዶክ ደ ዊት የተባለ የኔዘርላንድስ ሰው፣ የጃፓኑ ጂብሊ ስቱዲዮ አብሮት ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው አኒሜሽን ነው። ርዝመቱ 80 ደቂቃ ነው። ሰው አይነጋገርበትም። አንድ ሰውዬ ማዕበል መርከቡን ሰብሮበት ሰው የሌለበት ደሴት ላይ ይጣላል። ከቀርከሃ ታንኳ ነገር ሠርቶ ሊወጣ ይሞክራል። ከባሕሩ ሥር የሆነ ነገር እየመጣ ይሰብርበታል። በሦስተኛው ያያታል፤ ትልቅ ቀይ ኤሊ ናት። ቆይታ ወደ የብስ ስትወጣ በንዴት በቀርከሃ አናቷን ይመታትና በጀርባዋ ይገለብጣታል። ትሞታለች። ከዚያ ድንጋይ ልብሷ ይሰነጠቅና ውስጡ ሴት ተኝታ ትገኛለች። አብረው ይኖራሉ፣ ወንድ ልጅ ይወልዳሉ። ልጁ አድጎ ይሄዳል። ሰውየው አርጅቶ ይሞታል። እሷ መልሳ ኤሊ ትሆንና ወደ ባሕሯ ትገባለች።

ጨረስኩት። ላላየ ሰው አበላሸሁበት እንዳትሉኝ። ይህ ፊልም ታሪኩን ቀድመው ስለሰሙት የሚበላሽ ዓይነት አይደለም።

አሁን ወደ ጽሑፉ።

ጸሐፊው የጀመሩት ፊልሙ ውስጥ ምንም ነገር አይፈጠርም ብለው ነው። አንድ ሰውዬ ባሕር ያያል፣ እኛ ደግሞ ሰውየውን እናያለን፣ አለቀ፤ ነገሩ ይህ ነው ይላሉ። ኧረ አቦ! ከላይ የጻፍኩትን መልሰው ያንብቡልኝ። መርከብ ተሰበረ። ሦስት ጊዜ ታንኳ ተሰበረ። ሰውየው ዓለት ስንጥቅ ውስጥ ወድቆ በውኃ ውስጥ በጠባብ መንገድ ሊታነቅ ምንም አልቀረውም። ከዓመታት በኋላ ልጁ እዚያው ስንጥቅ ውስጥ ወደቀ። ግድያ አለ፣ ጸጸት አለ፣ ትዳር አለ፣ ውልደት አለ፣ ደሴቱን የሚያጥብ ሱናሚ አለ፣ ሞት አለ። አንድ ሙሉ ዕድሜ በ80 ደቂቃ አለቀ። ይህ እንዴት ነው ዘገምተኛ የሚባለው? ከአስፋልት ዳር ቆሞ እንደሚያልፍ መኪና የሰው ዕድሜ ሽው ሲል አይደል እንዴ ያየነው? በየቤታችን የምንከታተለው የቱርክ ድራማ ሁለት ፍቅረኞች እስኪተያዩ ካሜራው ሦስት ጊዜ ይዞራቸዋል፣ ሙዚቃ ይገባል፣ ማስታወቂያ ይገባል፣ በማግስቱ እንቀጥላለን። እሱን ማንም ቀርፋፋ አላለውም። ስለሚናገሩ ብቻ!

የጽሑፉ ዋና ስህተት ያለው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ጸሐፊው ዝምታንና ዝግታን አንድ አድርገው ነው የወቀሱት። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ዝም ያለ ነገር ሁሉ ቀርፋፋ አይደለም። «ቶም እና ጄሪ»ን ያላየ ልጅ አለ? ድመቱና አይጡ ብዙውን ጊዜ አይናገሩም፤ ግን ትንፋሽ አይሰጡም። ቻርሊ ቻፕሊንም አንድ ቃል ሳይተነፍስ ነው አባቶቻችንን በሳቅ የገደላቸው። በተቃራኒው ደግሞ የሚለፈልፍ ሆኖ የማይንቀሳቀስ ስንት አለ! የስብሰባ ንግግር የሰማ ሰው ይህን ከእኔ መማር አያስፈልገውም።

ስለዚህ የደበረዎት የቱ ነው? ቃል ማጣቱ ነው ወይስ ካሜራው መቆሙ? ጽሑፉን ሁለት ጊዜ ሳነበው እርስዎን ያናደደዎት መቆሙ ይመስለኛል። እውነት ነው፣ ይቆማል። ሰማዩና ባሕሩ የሚገናኙበት መስመር ስክሪኑን ለሁለት ይከፍለዋል። ሰውየው ከታች በኩል ጉንዳን ያክላል። እኛ ቅርብ ሆነን ፊቱን እንድናይ አይፈቀድልንም። መጀመሪያ እኔንም ቆረቆረኝ። በኋላ ነው የገባኝ፤ ሰውየው ትንሽ የሆነው ደሴቱ ትልቅ ስለሆነ ነው። አጠገቡ አቁመው በትልቁ ቢያሳዩን ብቻውን መሆኑን እንረሳው ነበር። እኛ አብረነው እንሆናለን ማለት ነዋ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማመን አለብኝ። ያየንበት ሁኔታ ለፊልሙ አላገዘውም። አዳራሹን አልጠራም። ከሁለት ስፒከር አንዱ ብቻ ነበር የሚሠራው፣ እሱም ያንኮራፋ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ውጭ ባጃጅ ይጮኻል። ጸሐፊው ደግሞ በጽሑፋቸው ፊልሙን «ድምፅ አልባ» ብለውታል። ስህተት ነው፤ ግን የእሳቸው ስህተት ብቻ አይደለም፣ የስፒከሩም ጭምር ነው። ፊልሙ ቃል አልባ እንጂ ድምፅ አልባ አይደለም። ሰውየው አንዳንዴ ይጮኻል፣ ያለከልካል፣ ይስላል። የቀርከሃው ጫካ በነፋስ ሲንሿሿ ራሱን የቻለ ተዋናይ ነው። ሎራን ፔሬዝ ዴል ማር የሠራው ሙዚቃም አለ። እኛ ግማሹን አልሰማነውም። ግማሹ የተቆረጠ ፊልም አይተን ጎደለው ብንል ምን ይገርማል?

መሐል ላይ ደግሞ መብራት ጠፋ። ኤሊዋ በጀርባዋ ተገልብጣ ሳለች። ጀነሬተሩ እስኪነሳ ሩብ ሰዓት ያህል በጨለማ ተቀመጥን። ጸሐፊው ይህን አልጻፉትም፤ ለእኔ ግን የምሽቱ ቁም ነገር እሱ ነበር። ሰው አልወጣም። በጨለማ ክርክር ተነሳ። አንዱ ከኋላ፣ «እሷ ናት የጀመረችው፣ ታንኳውን ሦስት ጊዜ የሰበረችበት» አለ። አንዲት ሴት፣ «ባሕሩ ቤቷ ነው፤ እሱ ነው የገባባት» ብላ መለሰችለት። ሌላው፣ «ከባሕሩ ውስጥ ከሚገድል ነገር እየመለሰችው ቢሆንስ?» አለ። ማን ከማን ጋር እንደሚነጋገር እንኳን አይታይም። ምንም አልተፈጠረበትም በተባለ ፊልም ላይ ሰው እርስ በርሱ ሲጣላ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ወቀሳ ስንፍና የሚለው ነው። ጸሐፊው ሠሪዎቹ ጥሩ ንግግር መጻፍ ስላቃታቸው ዝምታን መረጡ ብለዋል። ይህ በእውነት አይሆንም። ዳይሬክተሩ ከዚህ በፊት «አባትና ልጅ» በሚባል 8 ደቂቃ ገደማ በሚፈጅ አጭር አኒሜሽን ኦስካር ያገኘ ሰው ነው። ጂብሊ ያን አይቶ ወድዶ ነው ረጅም ፊልም ሥራልን ብሎ እ.ኤ.አ. በ2006 የጻፈለት። ፊልሙ የወጣው በ2016 ነው። ዐሥር ዓመት! መጀመሪያ ላይ ስክሪፕቱ ውስጥ ጥቂት ንግግር ነበረበት። ነገሩ ለተመልካች ግልጽ እንዲሆን ብሎ ያስገባው ነበር። ከጂብሊ በኩል ይህ ንግግር አያስፈልግም የሚል ምክር መጣ። አወጣው። ስለዚህ ቃል አጥተው አይደለም፤ ነበራቸው፣ ጣሉት።

ቃል ሲወጣ ደግሞ ሥራው ይበዛል እንጂ አይቀልም። ተዋናይ «ናፈቅሽኝ» ብሎ ካለ አለቀ፣ ሁለት ሰከንድ ነው። ሳይናገር ናፍቆቱ እንዲገባን ግን ትከሻው በስንት ዲግሪ እንደሚወርድ አንድ በአንድ መሣል አለበት። ፊታቸውን ልብ ብላችሁት ከሆነ ዓይናቸው ነጥብ ነው። ነጥብ! ስሜቱ በሙሉ ያለው አካሄዳቸው ላይ፣ አቀማመጣቸው ላይ ነው። ከበስተኋላ ያለው ሰማይና ጫካ ደግሞ በከሰል ወረቀት ላይ ተሥሎ ነው ወደ ኮምፒውተር የገባው። ይህን ሁሉ ሰነፍ ሰው አይሠራውም። የላስታ ሰው ላሊበላን ለማያውቅ እንግዳ ሲያስረዳ፣ «ድንጋይ ተቆልሎ አይደለም፣ ድንጋይ ተነሥቶ ነው» ይላል። 11ዱም አብያተ ክርስቲያናት የተገኙት ከዓለቱ እየቀነሱ ነው። የቀነሰ ሁሉ ሰነፈ የሚል ወሎዬ እንዳይኖር ብዬ ነው ያነሣሁት፤ ፊልሙን ከላሊበላ ጋር አወዳደርከው ብላችሁ እንዳትዘምቱብኝ።

ከሁሉም ወቀሳ ልቤን የነካው ግን ስለ ወሎ የተጻፈው ነው። ጸሐፊው የሚሉት በአጭሩ ይህ ነው፦ የእኛ ሰው የቃል ሰው ነው። ወሎ የመንዙማ፣ የእንጉርጉሮ፣ የምርቃት አገር ነው። ሰላምታችን እንኳን ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ቃል የሌለው ነገር ለእኛ ባዕድ ነው፤ አምጥተው ሊጭኑብን አይገባም።

ሰላምታው ላይ እንስማማለን፤ ከፒያሳ ሰኞ ገበያ ለመድረስ ስንት ሰው እንደሚያስቆመኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ሌላው ላይ ግን አልስማማም።

ቅኝቶቻችንን እንመልከት። አራት ናቸው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ባቲና አምባሰል እዚሁ ወሎ ውስጥ ያሉ የቦታ ስሞች ናቸው። አምባሰልን በዋሽንት ብቻ፣ ያለ ግጥም፣ ሰምተው አያውቁም? እረኛ ገደል አፋፍ ተቀምጦ ሲነፋው ምን እያለ ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው አለ? ሆድ ይባባል፣ አለቀ። ግጥሙ ሲመጣ ደስ ይላል፣ ሳይመጣም ግን ዜማው ጎዶሎ አይሆንም። ታዲያ ጆሯችን ያለ ቃል መስማት ከቻለ ዓይናችን ያለ ቃል ማየት ለምን ያቅተዋል?

ሰምና ወርቅንም አንሥተዋል። የቃል ሰው ለመሆናችን ማስረጃ አድርገው። እስቲ ልጠይቅዎ፦ ወርቁ የሚነገረው የት ነው? የሚነገረው እኮ ሰሙ ነው። ወርቁን ሰሚው ራሱ ነው የሚያወጣው። ባለቅኔው ቆሞ «ወርቁ ይህ ነው» ብሎ ካስረዳ ሰው ይስቅበታል። የምንኮራበት የቃል ጥበብ ራሱ ዋናውን ነገር አለመናገር ነው። ይህ ፊልም ያደረገው ሰሙን አሳይቶ ወርቁን ለእኛ መተው ነው። ጸሐፊው ደግሞ ወርቁ ለምን አልተነገረኝም ብለው ተቆጡ። እኔ እርስዎን ብሆን ይህን ምሳሌ ባላነሣሁት ነበር።

ደግሞስ የትኛው ቃል? ባቲ ገበያ ሰኞ ዕለት ይውረዱ። አማርኛ አለ፣ ኦሮምኛ አለ፣ አፋርኛ አለ። ኮረሪማ ሻጭና ግመል ነጂ በምን እንደሚግባቡ ቆመው ይዩ። ግማሹ እጅ ነው፣ ግማሹ ፊት ነው። ያን ቀን ከጎኔ የተቀመጠው ተማሪ የመጣው ከዚያው ከባቲ አካባቢ ነው። ፊልም ሲያይ ሁልጊዜ በሁለተኛ ቋንቋው እንደሚያይ ነገረኝ፤ እንግሊዝኛ ከሆነ ደግሞ በሦስተኛው። ይህኛውን ግን ማንም ከእሱ ቀድሞ አልገባውም። ማንም አላስተረጎመለትም። ይህችን ነገር እስካሁን አስባታለሁ።

ደግሞ ቪዲዮ ቤቱን ረስተዋል ማለት ነው? እኔ አልረሳሁም። በር ላይ ሳንቲም ከፍለን፣ ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣብቀን የሕንድ ፊልም እናይ ነበር። ሦስት ሰዓት። ከሕንድኛው አንድ ቃል የሚያውቅ አልነበረም። ከታች የሚጻፍ ትርጉም የለ፣ ተርጓሚ የለ። ፊት የሚቀመጥ አንድ ልጅ ብቻ «አሁን ወንድሙ መሆኑን ሊያውቅ ነው!» እያለ ይጮኽ ነበር፤ እሱም የሚያውቀው ትናንት ስላየው ነው። እናትየዋ ስትሞት እናለቅሳለን። ለእኛ ያ ሁሉ ንግግር ከባሕር ድምፅ በምን ይለያል? እንዲያውም ወደ ኋላ ከሄድን አዲስ አበባ ላይ ሰው «የሰይጣን ቤት» ብሎ የሰየመው የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት ያሳይ የነበረውም የማይናገር ፊልም ነው። የእኛ አገር ሰው ከሲኒማ ጋር የተዋወቀው በዝምታ ነው። ባዕዱ እንግዲህ የቱ ነው?

የልጆቹን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ካርቱን ለልጅ ነው፣ ልጆቹ ደግሞ ተሰላችተው ሲሯሯጡ ነበር ብለዋል። ሲሯሯጡ ነበር፣ አልክድም። አንዱ የእህቴ ልጅ ነው። ሰባት ዓመቱ ነው። ሸርጣኖቹ ሲመጡ ይስቃል፣ ሲሄዱ ይነሣል። በኋላ ጆሮዬ ሥር መጥቶ «ኤሊዋ ለምንድን ነው የማታስወጣው?» አለኝ። «እኔ እንጃ» አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ «ብቻዋን ስለሆነች ነው» ብሎ ሩጫውን ቀጠለ። ከአዋቂዎቹ ክርክር የተሻለ መልስ ሰጥቶኝ ነው የሄደው። ደግሞ ይህ ፊልም ለልጅ ነው ያለው ማን ነው? በእጅ የተሣለ ሁሉ የልጅ ከሆነ የግሸንና የሐይቅ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሁሉ የልጅ ነው ማለት ነው።

ወደድነው የምንለውን ሰዎች ደግሞ አስመሳዮች ብለውናል። የውጭ ሽልማት ስላለው ፋራ እንዳንባል ነው የምናጨበጭበው ይላሉ። እዚህ ላይ ግማሽ እጄን እሰጣለሁ። እንዲህ ዓይነት ሰው አለ። ያን ቀንም ነበረ፤ ፊልሙ ሳያልቅ «ጥልቅ ነው፣ ጥልቅ ነው» ሲል የሰማሁት ልጅ አለ። ምኑ ሲባል መልስ የለውም። ግን የሽልማቱን ነገር ካነሡ በትክክል እናንሣው። ፊልሙ በካን ፌስቲቫል «አን ሰርተን ሪጋርድ» በሚባለው ዘርፍ የዳኞች ልዩ ሽልማት አግኝቷል። ለኦስካር ታጭቶ ግን ተሸንፏል። ያሸነፈው «ዙቶፒያ» ነው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚወራበት፣ ፈጣን፣ አስቂኝ ፊልም። ለሽልማት ብለን ብንወድ እሱን ነበር የምንወደው። እሱንም እወደዋለሁ፣ ለነገሩ።

ደግሞ ዝም ያለ ፊልም ተመልካች የለውም የሚለው አሁን አያስኬድም። እ.ኤ.አ. በ2025 በአኒሜሽን ዘርፍ ኦስካር ያገኘው ከትንሿ ላትቪያ የመጣ ስለ አንዲት ድመት የተሠራ ፊልም ነው። አንድም ቃል የለበትም። የተሠራውም ማንም በነፃ ሊያወርደው በሚችል ብሌንደር በሚባል ሶፍትዌር ነው። ይህን የምነግራችሁ ኮምፒውተር ያላችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ናችሁ። ተዋናይ አትቀጥሩ፣ ድምፅ አትቅረጹ፣ ትርጉም አታስጽፉ። ጸሐፊው ግን ወጣቶቻችን ይህን መንገድ እንዳይከተሉ መክረዋል። ምክሩን ያለ ክፋት እንደጻፉት አውቃለሁ፤ ግን ደሃው የሚሄድበትን በር ነው የዘጉት።

አሁን ወደ ከባዱ መጣሁ።

ጸሐፊው ከጻፉት ሁሉ ሊመለስ የማይችል የሚመስለው ስለ ሴቲቱ ያሉት ነው። አንድ ሰውዬ አንዲትን ፍጡር ደብድቦ ይገድላል፣ እሷ ደግሞ ተነሥታ ሚስቱ ትሆናለች። ለሴት ልጆቻችን ምን እያልን ነው ብለው ጠይቀዋል። ባለቤቴ በዚህ ነጥብ ከእሳቸው ጋር ናት። ቤት ውስጥ ሁለት ቀን ተከራክረናል፣ አላሸነፍኩም።

የምለው ያህል ልበል። ፊልሙ ሰውየውን ነፃ አያወጣውም። ከመታት በኋላ ውኃ እያመጣ ያፈስባታል፣ ከፀሐይ ያስጠልላታል፣ እንቅልፍ ያጣል። እሷም ስትነሣ ወዲያው አትቀርበውም። ድንጋይ ልብሷን ራሷ ገፍታ ወደ ባሕሩ ትሰደዋለች። እሱ ደግሞ ያን ሲያይ የጀመረውን ታንኳ ገፍቶ ይለቀዋል። ሁለቱም የሚመለሱበትን ጣሉ። አንዱ ብቻ አይደለም። ለእኔ ይህ የይቅርታ ነገር ነው። ባለቤቴ ግን «ይቅርታውን ማን ጠየቃት? ለምን ይቅር እንዳለችው አልነገሩንም» ትላለች። ልክ ናት፣ አልነገሩንም። ቃል ቢኖር ኖሮ እዚህ ጋ ነበር የሚያስፈልገው ብላ ስትጨምር ደግሞ ዝም አልኩ።

የሐይቅን አፈ ታሪክ የሰማ ሰው ግን በሌላ በኩል ሊያየው ይችላል። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ትበደላለች። እግዚአብሔር ይቆጣና በዙሪያዋ ያለውን መሬት ሁሉ ውኃ ያደርገዋል። የተቀመጠችበት ብቻ ይቀራል፤ ደሴት ይሆናል። እዚያ ላይ ነው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለው፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት። አያቴ ይህን ስታወራኝ መሬት እንዴት ውኃ ይሆናል ብዬ አልጠየቅኳትም። ሴትየዋ ከዚያ በኋላ ምን ሆነች ብዬም አልጠየቅኳትም። አሁን ነው ትዝ የሚለኝ፤ ታሪኩ ውስጥ ሴትየዋ አንድም ቃል አትናገርም። የተበደለች ሴት፣ ውኃና ደሴት። ኤሊ እንዴት ሴት ይሆናል፣ ምክንያቱ ለምን አልተነገረም ለሚለው የጸሐፊው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። ለባለቤቴ ጥያቄ ግን መልስ አይሆንም። እሱን ክፍት ልተወው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ጸሐፊው ያላነሡት። ባሕሩ ግድግዳ ሆኖ የሚመጣበት ቦታ አለ። ቀርከሃው ሁሉ ይተኛል። አባት፣ እናትና ልጅ ይለያያሉ። ልጁ ፍርስራሽ ላይ እየሮጠ ይፈልጋቸዋል። ይጮኻል፤ ስማቸውን አይጠራም፣ ስም የላቸውም። አዳራሹ ውስጥ በዚያ ሰዓት ስልኩን የነካ ሰው አልነበረም። በጥቅምት 2014 ከደሴ በእግሩ የወጣ ሰው ያን አዳራሽ ሞልቶታል። ከፊቴ የነበሩት አባት ልጃቸውን ጭናቸው ላይ ሳቡት። ንግግር ቢኖርበት ኖሮ የእነዚያ ሰዎች ታሪክ ይሆን ነበር። ስላልነበረበት የእኛ ሆነ። ይህን የምለው በስሜት ነው፣ ማስረጃ የለኝም።

ሲያልቅ አንዲት እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ ለልጅ ልጃቸው ሲነግሩት ሰማሁ። «አየህ፣ ባሏን ቀብራ ነው የሄደችው። አደራዋን ጨርሳ።» ሳትቀብረው ነው የሄደችው፣ አሸዋው ላይ እንደተኛ። አላረምኳቸውም።

የመጨረሻው ነጥብ ጽሑፉ ያለቀበት ነው። ይህ ዓይነት ፊልም ዳግመኛ ለሕዝብ አይታይ ብለዋል። እኔ ደግሞ ዳግመኛ ይታይ እላለሁ፤ ዝናብ በሌለበት ቀን፣ በሚሠራ ስፒከር። ስፒከሩን እኔ እከራያለሁ። አንቱም ከፊት ወንበር ይያዝልዎታል። ሰበብ ካስፈለገ ባለቤቴ ደግፋዎት ስለምትከራከር ብቻዎን አይሆኑም።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ፊልሙ አልቆ መብራቱ በርቶ፣ ሰው እየተነሣ፣ ስክሪኑ ላይ የሠሪዎቹ ስም ሲወርድ ዞር ስል አየሁዎት። ኮትዎን እቅፍ አድርገው ተቀምጠው ነበር። በሩ ላይ ግፊያው እስኪቀንስ ነው ሊሉኝ ይችላሉ። በሩ ላይ ግን ግፊያ አልነበረም።